ጭብጨባ ማስረጃ ይሆናል?

ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1972 ኒውዮርክ ላይ ያሳተመው «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» የተሰኘው ሸክላ እኛን የደጀን ልጆች ዛሬም ለሁለት ይከፍለናል። ገሚሶቻችን «ቅኝቱ የእኛው ነው፤ ቫይብራፎንና ኤሌክትሪክ ጊታር ቢጫወተው ምን ነውር አለበት?» እንላለን። ገሚሶቻችን ደግሞ «ማሲንቆ የሌለው ‹መስከረም ሲጠባ› ምኑን የእኛ ሆነ!» ባዮች ነን።

ክርክሩስ ባልከፋ። የከፋው፣ እ.ኤ.አ. በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» የተባለው የአሜሪካ ፊልም የሙላቱን ዜማዎች ካሰማ ወዲህ «ዓለም ያደነቀውን የምትነቅፍ አንተ ማነህ?» እየተባለ አፍ መዘጋቱ ነው። ኧረ ለመሆኑ ጭብጨባ ማስረጃ ይሆናል? ሰምቶ «አልጣመኝም» ያለ አዛውንት፣ ሳይሰማ ከሚያደንቅ ተማሪ ይልቅ ሙዚቃውን አክብሯል። እንግዲህ የምንወደውም የምንጠላውም በሰው ጆሮ መፍረዱን ትተን፣ ሰምተን ምክንያታችንን እንናገር።