ድንኳን ሰፊውና የትምህርቱ ሰዓት

ምንባብ፦ የሐዋርያት ሥራ 18፥1–4፤ 19፥9–10



ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ቆሮንቶስ በገባ ጊዜ ያረፈው በስደተኞች ቤት ነበረ። አቂላና ጵርስቅላ በቄሣር ትእዛዝ ከሮሜ የወጡ፥ በሰው አገር ድንኳን እየሰፉ የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። የጳውሎስም ሙያ ያው ስለ ነበረ ከእነርሱ ጋር ተቀምጦ ሠራ። በኋላም በኤፌሶን በጢራኖስ የትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ያህል ዕለት ዕለት ያስተምር ነበር። አንዳንድ ጥንታውያን የእጅ ጽሑፎች ሰዓቱን ጭምር ይነግሩናል፤ ከአምስት ሰዓት እስከ ዐሥር ሰዓት ነበረ ይላሉ። አቈጣጠሩም እንደ እኛ አቈጣጠር ነው። ይህ ፀሐይ የሚበረታበት፥ ሰው ሥራውን አቁሞ የሚያርፍበት ሰዓት ነው። ጳውሎስ ለኤፌሶን ሽማግሌዎች ለራሱና ለባልንጀሮቹ የሚያስፈልገውን በገዛ እጆቹ እንዳገኘ መስክሮላቸዋል። ስለዚህ ጠዋት በሙያው ሲደክም ቆይቶ፥ ሌላው በሚያርፍበት ሰዓት ወደ ትምህርት ቤት ይሄድ እንደ ነበረ እንረዳለን። በዚያ ቤት እርሱ አስተማሪ እንጂ ተማሪ አልነበረም፤ ነገር ግን እጅ ለእንጀራ፥ አእምሮም ለትምህርት በአንድ ቀን ሲፈለጉ የሚመጣውን ድካም ያውቀዋል።

ይህን የምናነሣው ስለ ልጆቻችን ነው። ከጎንደር፥ ከጎጃምና ከወሎ ደጋ ብዙ ወጣቶች በየዓመቱ ወደ መተማ፥ ወደ ሑመራና ድንበሩን ተሻግረው ወደ ገዳሪፍ የሰሊጥ እርሻ ይወርዳሉ። በመተማ ሳሉግ ይሏቸዋል። ከእነርሱም መካከል የትምህርት ቤት ወጪያቸውን የሚፈልጉ ተማሪዎች አሉ። ሌሎች ደግሞ በስደት በዚያ የተቀመጡ ናቸው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት በተነሣ ጊዜ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በሐምዳየት በኩል ገብቶ በኡም ራኩባና በቱነይድባ ሰፈረ። በሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ በሱዳን ራሷ ጦርነት ሲጀመር የካርቱም ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርት ተቋረጠ። ከተማሪዎቹም ወደ ገዳሪፍ የሸሹ፥ በገላባትና በመተማም አልፈው ወደ እኛ አገር የገቡ አሉ። በዚያ ድንበር በሁለቱም ወገን መጽሐፉን በከረጢት ይዞ የቀን ሥራ የሚፈልግ ወጣት ይገኛል።

የዚህ ወጣት ችግር ስንፍና አይደለም። ሰሊጥ የሚጠብቅ ሰብል አይደለም። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ የታችኛው ፍሬ ቢጫ ሲሆን ታጭዶ ሂላ ሆኖ ካልቆመ፥ ደርቆ ይከፈትና ዘሩ መሬት ላይ ይፈስሳል። ባለ እርሻው ሠራተኛን አጥብቆ የሚፈልገው፥ የተሻለ ዋጋም የሚከፍለው በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ነው። የእኛ አገር ኮሌጆች ደጃቸውን የሚከፍቱትም በዚያው ወራት ነው። እናቱ በደጋ ሆና ገንዘቡን ትጠብቃለች፤ መምህሩም በክፍል ሆኖ ስሙን ይጠራል። ልጁ ለማን ይታዘዝ?

ወዳጆች ሆይ፥ ጌታችን ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ሊቈጥር እንደሚገባው አስተምሮናል። እኛም ሰዓቱን እንቍጠር። በሳምንት 168 ሰዓት አለ። በየሌሊቱ 7 ሰዓት ብንተኛ 49 ይወጣል፤ 119 ይቀራል። ከእሑድ የነቃንበት 17 ሰዓት ለእግዚአብሔርና ለዕረፍት ቢለይ 102 ይቀራል። ተማሪው በሳምንት 12 ሰዓት በክፍል ቢቀመጥ፥ ለእያንዳንዱም ሰዓት ሁለት ሰዓት በግሉ ቢያጠና 36 ይሆናል፤ 66 ይቀራል። በቀን 10 ሰዓት ስድስት ቀን ቢሠራ 60 ይሄዳል። ለመብላት፥ ልብስ ለማጠብ፥ መንገድ ለመሄድና ለመጸለይ በሳምንት 6 ሰዓት ብቻ ቀረው። ይህ ሊሆን አይችልም። ነገር ግን የክፍሉን ሰዓት በግማሽ ቀንሶ 6 ቢያደርገው፥ ትምህርቱ ከነጥናቱ 18 ሰዓት ይሆናል፤ በስድስቱ የሥራ ቀናትም በየቀኑ 4 ሰዓት ይተርፈዋል። ትምህርቱ ይዘገያል፤ ሰውየው ግን አይሰበርም። በሱዳን በአብዛኛው በዓረብኛ ስለሚያስተምሩ፥ ቋንቋውን ገና ለሚለምድ ወጣት ጥናቱ ከዚህም በላይ ጊዜ ይጠይቃል።

እንግዲህ እናንተ ወጣቶች፥ ሦስት ነገር እንመክራችኋለን።

አንደኛ፥ መዘግየትን ውርደት አታድርጉት። በመከር ወራት ትምህርቱን በሕጉ አሳውቆ ያቋረጠ፥ በሚቀጥለውም ወቅት የተመለሰ ሰው አልወደቀም። ሳያሳውቅ የቀረ ግን ስሙም ገንዘቡም ይጠፋበታል። ስለዚህ ወደ እርሻው ከመውረዳችሁ በፊት ወደ ሬጅስትራር ሂዱ፤ ፈቃዳችሁንም በጽሑፍ ያዙ።

ሁለተኛ፥ እንቅልፋችሁንና ሰንበታችሁን አትሽጡ። መዝሙረኛው ማልዶ መነሣትና አምሽቶ መቀመጥ ያለ እግዚአብሔር ከንቱ እንደ ሆነ ያስተምረናል፤ እንቅልፍም የእርሱ ስጦታ ነው። በዚያ ቆላ ወባና ካላዛር አለ። ያለ አጎበር በዛፍ ሥር የሚያድር፥ ሌሊቱንም በጥናት የሚያሳልፍ ሰው ሰውነቱን ለበሽታ ይሰጣል። ትኩሳት ቢይዛችሁ ሥራው እስኪያልቅ አትጠብቁ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ሦስተኛ፥ የእጅ ሥራን አትናቁ። የናዝሬቱ ጌታ ጠራቢ ነበረ። ማርቲን ሉተርም በአይዘናህ ከተማ ተማሪ ሳለ በየደጁ እየዘመረ እንጀራውን ይለምን ነበር። አኮፋዳውን አንግቶ በየመንደሩ የዞረውን የቆሎ ተማሪ የሚያውቅ ሕዝብ ይህን ለማስተዋል አይቸገርም። ሉተር በኋላ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1524 ዓ.ም.፥ ለጀርመን ከተሞች ሹማምንት ስለ ትምህርት ቤት በጻፈው መልእክት፥ ልጆች በቀን አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ተምረው የቀረውን ጊዜ በቤት እንዲሠሩና ሙያ እንዲለምዱ መክሯል። ትምህርትና ሥራ በአንድ ቀን ሊስማሙ እንደሚችሉ አምኖ ነበር፤ የሚስማሙት ግን ለሁለቱም ልክ ሲቈረጥላቸው ነው።

ነገር ግን ሸክሙን ሁሉ በወጣቱ ጫንቃ ላይ ጭነን ብንሄድ ስብከታችን ጐደሎ ይሆናል። ጳውሎስ የሚያድርበትን ቤት አቂላና ጵርስቅላ ሰጡት፤ በሥራውም አጠገቡ ተቀመጡ። ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ በዚህ ዓመት ያነሰ ገንዘብ ቢልክ አታሳፍሩት። ባለ እርሻዎችና አሠሪዎች ሆይ፥ የሠራተኛውን ደመወዝ በቀኑ ክፈሉ፤ የተያዘ ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ ያዕቆብ ጽፎልናልና። ፈተና ላለበትም ግማሽ ቀን ፍቀዱለት። ምእመናን ሆይ፥ መብራት ያለበትን ክፍል ማታ ማታ ለተማሪዎች ክፈቱ፤ መጽሐፍ ያለው ያውስ፤ ከድንበሩ ማዶ ለመጣውም ተማሪ፥ ሱዳናዊም ቢሆን፥ ወንበር ይሰጠው። ከስደተኞች መካከል የትምህርት ዕድል የሚሻውንም እርዱት። የጀርመን መንግሥት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1992 ዓ.ም. በአልበርት አይንሽታይን ስም ያቋቋመውና ከተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች መሥሪያ ቤት ጋር የሚካሄደው እርዳታ ስደተኞችን በዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። ዕድሉ ለሁሉ አይበቃም፤ ነገር ግን ማመልከቻውን መጻፍ ለማያውቅ ወጣት አንድ ምሽት አብሮት የሚቀመጥ ሰው ብዙ ረዳው።

የእግዚአብሔር ጸጋ የሚገኘው በዲፕሎማ አይደለም፤ በደመወዝም አይደለም። ክርስቶስ በመስቀሉ ተቀብሎናልና፥ ትምህርቱን በአራት ዓመት የጨረሰውም፥ በስምንት ዓመት የጨረሰውም፥ ጦርነት አቋርጦት ያልጨረሰውም በፊቱ ልጆች ናቸው። ከዚህ ዕረፍት የተነሣ ሰው ያለ ፍርሃት ይሠራል፥ ያለ ኩራትም ይማራል።

ጌታ ሆይ፥ በገዳሪፍና በመተማ ሜዳ የሚደክሙትን ልጆቻችንን ከትኩሳትና ከጥይት ጠብቃቸው። የእጃቸውን ሥራ አቅና፤ አእምሮአቸውን አብራ፤ ለእኛም የሚረዳ እጅ ስጠን። አሜን።