የማይታየው በምን ይታወቃል?

በላስታ ምድር ከአንድ ወጥ ዐለት ተፈልፍለው የወጡትን 11ዱን የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ያየ ሰው፣ ይህን ማን ሠራው ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ትውፊቱ ቀን ሰዎች፣ ሌሊት ደግሞ መላእክት ይሠሩ ነበር ይላል፤ በዘመናችን ግን ሥራውን ለመስቀል ጦረኞች የሰጡ፣ አልፈው ተርፈውም ከሌላ ዓለም ለመጡ እንግዶች እስከ መስጠት የደረሱ አልጠፉም። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው፤ ትውፊቱ መላእክትን ለረድኤት ሲያመጣ መሮውን ከላስታ ሰው እጅ አልነጠቀም፣ እነዚህ ግን ነጥቀውታል።

በ2010 እ.ኤ.አ. ጥናታቸውን ያሳተሙ የፈረንሳይ የጥንታዊ ቅርስ መርማሪዎች በሌላ መንገድ ሄዱ፤ ከዐለቱ የወጣው ፍርስራሽ የት እንደ ተከመረ፣ የኋለኛው ቁፋሮ የቀደመውን የት እንደ ቆረጠው እያጤኑ፣ ሥራው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየዘመኑ እየተከታተለ የተፈጸመ መሆኑን አሳዩ። የመላእክትን ነገር አልነኩም፤ ፍርስራሽ የሚመሰክረው ስለ ፍርስራሽ ነውና።

ከላሊበላ ከተማ በላይ፣ ከባሕር ወለል ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የቆመው፣ ለከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ ምቹነቱ የተጠናለት የአቡነ ዮሴፍ ተራራ የሚጠብቀውም ይህንኑ የመሰለ፣ ከሚታየው ተነሥቶ የማይታየውን የሚያውቅ ምርመራ ነው። አየሩ ስስ ነው፤ ከምድር ወገብም ብዙ ስለማይርቅ የሰሜኑም የደቡቡም ሰማይ ይታየዋል። ለምሳሌ ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. ቡና ብላ የሰየመቻት ኮከብ አቦል የምትባል ፈለክ አለቻት፤ አቦልን ግን በዐይኑ አይቶ ያገኛት የለም፣ ኮከቢቱን ወዲህና ወዲያ ስትስባት በብርሃኗ ላይ በሚታየው ጥቂት ለውጥ ታወቀች እንጂ።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የዳሎል ነገር ነው። በሌላ ዓለም ሕይወት ይገኝ እንደ ሆነ ለመገመት፣ በምድር ላይ ሕይወት የማይደፍረው ስፍራ የቱ እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋልና፣ መርማሪዎች ወደ አፋሩ የፈላ፣ አሲዳማና ጨዋማ ውኃ ወረዱ። በ2019 እ.ኤ.አ. አንዱ ቡድን የረቂቃን ሕዋሳት ምልክት አገኘሁ ሲል፣ ሌላው እጅግ በከፋው ኩሬ ሕያው ነገር እንዳላገኘ፣ ሕዋስ የሚመስለውም ማዕድን ሊሆን እንደሚችል ጻፈ። አላገኘሁም ብሎ መጻፍ ትልቅ ትሕትና ነው፤ ይህ ትሕትና በእኛም በሃይማኖት ተከራካሪዎች ዘንድ ቢበዛ በወደድሁ።

ሕይወት በሌላ ፈለክ ቢገኝ ሃይማኖት ይናወጣል የሚሉ አሉ። መጽሐፈ ሄኖክን በግእዝ ሙሉውን ጠብቃ ያቆየች፣ የረቂቃን መላእክትን ነገድ የምትቆጥር ቤተ ክርስቲያን ግን ሰው በፍጥረት ውስጥ ብቻውን ነው ብላ አስተምራ አታውቅም። የሚከብደው ሌላው ጥያቄ ነው፤ ሥጋ ለብሶ፣ አዳምን አባቴ ሳይል የሚኖር ፍጡር ቢገኝ፣ ለአዳም የተሰጠው ተስፋ ይደርሰዋልን? ይህን መነጽር አይመልሰውም፤ የጉባኤ ቤት ሥራ ነው፣ ሊቃውንቱም ከወዲሁ ቢጀምሩት አይከፋም።