ከበሮው ጋራውን እንዴት ተሻገረ?

በዋግ፣ ጋዝጊብላ ውስጥ፣ ከጋራ ጀርባ ባለ ቤተ ክርስቲያን ማሕሌት ሲቆም፣ ሌሊት ከሆነ ከበሮው ወዲህ ማዶ ይሰማል። ጸናጽሉ አይሰማም። እዚያው የበራው መብራትማ ጭላንጭሉ እንኳ አይታይም። ድምፅም ብርሃንም ሞገድ ናቸው ተብለን ተምረናል። ታዲያ አንዱ ጋራ ዞሮ ሲመጣ ሌላውን ምን ያዘው?

አይዛክ ኒውተን በዚህ ነገር ተከራክሮበታል። «ኦፕቲክስ» በተባለው መጽሐፉ እንደሚለው ደወልና መድፍ ከኮረብታ ጀርባ ይሰማሉ፤ ብርሃን ግን ወደ ጥላ ውስጥ ሲታጠፍ አይታይም፤ እንግዲህ ብርሃን ሞገድ ሊሆን አይችልም። ለዋግ ሰው ይህ ክርክር ጠንካራ ነው፤ ማስረጃው ደጁ ላይ ቆሟል። እኔም ለረጅም ጊዜ መልስ አጣሁለት።

መልሱ ከፈረንሳይ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1818 ኦጉስተን ፍሬኔል ብርሃን ሞገድ ነው የሚል የሒሳብ ጽሑፍ ለውድድር አቀረበ። ከዳኞቹ አንዱ የሆነው ፑዋሶን ሊያፈርሰው ፈልጎ ሒሳቡን እስከ ጫፉ ገፋው፤ «ይህ እውነት ከሆነማ የአንድ ክብ ነገር ጥላ መሐል ላይ ብርሃን ሊኖር ነው» አለ።  ሌላው ዳኛ አራጎ ግን 2 ሚሊ ሜትር የምትሆን ክብ ብረት በመስታወት ላይ በሰም አጣብቆ ሞከረው፤ ጥላዋ መሐል ላይ ብሩህ ነጥብ አገኘ። ብርሃንም ይታጠፋል ማለት ነው። ልዩነቱ የመጠን ነው፤ ሞገድ በደንብ የሚዞረው ከራሱ ርዝመት ጋር የሚቀራረብን ነገር ነው። በሰከንድ 100 ጊዜ የሚርገበገብ የከበሮ ድምፅ የሞገድ ርዝመቱ 3.4 ሜትር ይሆናል። 5,000 ጊዜ የሚርገበገብ የጸናጽል ቅጭልታ 7 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያ ላይ ቀጭን ድምፅን አየሩ ራሱ ቶሎ ይውጠዋል። የብርሃን ሞገድ ደግሞ አንድ ሚሊ ሜትር ውስጥ ሁለት ሺሕ ገደማ ይደረደራል። ለእሱ ጠጠር እንኳ ተራራ ነው።

እዚህ ላይ ነገሩ ያለቀ መሰለ። ግን ጋራው አላስቀመጠኝም። 3.4 ሜትር የሆነ ሞገድ ቤት ይዞራል፣ ዋርካ ይዞራል፤ በመቶ ሜትሮች የሚለካ ሸንተረርስ? በዚያው ሚዛን ከበሮውም ጥላ ውስጥ መቅረት ነበረበት። ጥርጣሬዬን ያባሰው ደግሞ ሬዲዮ ነው። በ100 ሜጋኸርዝ የሚያስተላልፍ የኤፍኤም ጣቢያ ሞገዱ 3 ሜትር ነው፤ ከከበሮው ጋር እኩያ ማለት ይቻላል። ኤፍኤሙ ግን ሸለቆ ሲገቡ ይንሿሿና ይጠፋል። ርዝመት ብቻውን የሚፈርድ ቢሆን ሁለቱም በመጡ፣ ወይም ሁለቱም በቀሩ ነበር።

ምናልባት ከበሮው ከፊት ለፊት ካለ ገደል ነጥሮ ይሆን? የገደል ማሚቶ በዚያ አገር ብርቅ አይደለም። ጮኸው ከ2 ሰከንድ በኋላ ከተመለሰልዎ ገደሉ 340 ሜትር ያህል ይርቃል፤ ድምፅ ሄዶ ተመልሷልና። ደግሞም ሻካራው ገደል ለከበሮ ሞገድ መስታወት ነው፤ ጉድጓዱና ጉጡ ከ3 ሜትር ያንሳሉ። ለብርሃን ግን እያንዳንዷ ሸካራነት ግዙፍ ስለሆነች ይበተንበታል፤ ገደል ላይ ፊታችንን የማናየው ለዚህ ነው። ይሁንና ፊት ለፊት ገደል በሌለበት፣ የገብስ ማሳ ብቻ በተንጣለለበት ቦታም ከበሮው ይሰማል። ማሚቶ ያግዛል እንጂ አይበቃም።

ፍንጩን የሰጡኝ አንድ አዛውንት ናቸው።

«አባ፣ ከዚህ ሆነው ማዶ ያለውን ሰው ሲጣሩ ይሰማዎታል?»

«እሱ እንደ ሰዓቱ ነው ልጄ። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ጉሮሮህን ብትሰነጥቅ አይሰማህም። ማታ፣ ወይ ደመና ሲሆን፣ ቀስ ብለህም ይደርሳል።»

ጋራው ያው፣ ድምፁ ያው፣ የሞገዱ ርዝመት ያው። የተለወጠው አየሩ ነው። ድምፅ በሞቀ አየር ይፈጥናል፤ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሰከንድ 0.6 ሜትር ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ሁልጊዜ ወደ ቀዝቃዛው በኩል ያጎነብሳል። ቀን መሬቱ ሲግል ከታች ያለው አየር ይሞቃል፤ ድምፁ ወደ ሰማይ ይቀለበሳል። ጥርት ባለ የደጋ ሌሊት መሬቱ ይቀዘቅዛል፣ ከላይ ያለው አየር ሞቅ ይላል፤ የሸንተረሩን ጫፍ ያለፈው ከበሮ ወደ ታች፣ ወደ ሸለቆው ይታጠፋል። «ቀንማ ጫጫታው ነው የሚያፍነው» የሚል ይኖራል፤ አንድ ነገሩ እውነት ነው። ነገር ግን ደመናማ ቀንም ከብቱም ሰውም ይጮኻል፤ ድምፅ ግን ይደርሳል። መሬቱ ስላልጋለ ነው።

ለኤፍኤም የጎደለው ይህ የአየር እርዳታ ነው። የአየር ሙቀት ልዩነት ሬዲዮን የሚያጎብጠው በጣም ጥቂት ነው፤ በጫፉ ታጥፎ የሚመጣው ጭላፊ ደግሞ ለመቀበያው አይበቃም። የስልክ ሞገድ ይብሳል፤ በ900 ሜጋኸርዝ 33 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ኔትወርክ ፍለጋ ጋራ የሚወጣው ለዚህ ነው። የመቶ ሜትሮች ርዝመት ያለው መካከለኛ ሞገድ ግን ጋራውን ይዞራል፤ አጭር ሞገድ ከላይኛው ከባቢ አየር ነጥሮ ከሰማይ ይወርዳል። የድሮ ሬዲዮ ሸለቆ ውስጥ ይሰማ የነበረው በአስማት አልነበረም።

የብርሃንን መታጠፍ ለማየት የአራጎ ብረት አያስፈልግም። ማታ ከሩቅ የምትታይ አንዲት አምፖል ፈልጉና የተዘረጋ ጥቁር ጃንጥላ ጨርቁን ዓይናችሁ ፊት አድርጋችሁ ተመልከቷት። በዙሪያዋ በመስቀል ቅርጽ የተደረደሩ ነጥቦች ይታያሉ፤ የውጭ ጠርዛቸው ቀላ ይላል፤ ቀዩ ብርሃን ረዥም ሞገድ ስለሆነ የበለጠ ይታጠፋል። ፀሐይን ግን በዚህ መንገድ እንዳትመለከቱ፤ ዓይን ታጠፋለች።