ብርቱና ታማኝ፦ ለሥራ ፈላጊ ልጆቻችን የቀረበ የጁምዓ ኹጥባ

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይሁን፤ ሲሳያችንን ሳንወለድ ለጻፈልን፣ እጅና እግር ሰጥቶም ወጥተን እንድንፈልገው ላዘዘን ጌታ። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ። የአላህ ባሮች ሆይ! እናንተንም የራሴንም ነፍስ አላህን በመፍራት አደራ እላለሁ።

ዛሬ የምናገረው በኋላ ረድፍ ለተቀመጣችሁት፣ ከመጋረጃው ማዶም ለምትሰሙኝ ልጆቼ ነው። ከደብረ ብርሃን፣ ከወሎ፣ ከሌላም ዩኒቨርሲቲ ተመርቃችሁ ተመልሳችኋል። የምርቃት ፎቷችሁ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ጎረቤት ሰላም ካላችሁ በኋላ የሚያስከትላት ጥያቄ አለች፦ «ሥራ ያዝክ?» «ሥራ ያዝሽ?» ይቺን ጥያቄ ሽሽት በጓሮ በር የሚወጡ ልጆች እንዳሉ አውቃለሁ። እናንተ ትላልቆች፣ እባካችሁ ይህን ጥያቄ ተዉአቸው። መጠየቅ ካለባችሁ «ምን ልርዳህ?» በሉ።

ባለፈው ሳምንት ከሱብሒ ሶላት በኋላ አንድ ልጅ በሩ ላይ ጠበቀኝ። እንድናገር ፈቅዶልኛል፤ ስሙን ግን አልጠራም። የላስቲክ ፎልደሩን ምንጣፉ ላይ ዘረጋ። ቴምፖው አለ፣ የመውጫ ፈተናው ውጤት አለ፣ የቀበሌ መታወቂያው ኮፒ አለ፣ ሲቪው አለ። ከሥር አንድ ተጽፎ ያለቀ ወረቀት አወጣና፦ «ሼኻችን፣ በመድረሳው ሁለት ዓመት በሒሳብ ሠራተኛነት አገልግሏል ይላል። ማህተም ብቻ ይምቱልኝ» አለኝ። ለምን ብዬ ስጠይቀው ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ማስታወቂያው ሁሉ ልምድ ይላል። ዜሮ ዓመት የሚል ሲወጣ ደግሞ ለአንድ ቦታ የሚሰለፈው ስፍር ቁጥር የለውም።»

ማህተሙ ኪሴ ውስጥ ነበር። እናቱንም አውቃታለሁ፤ ዶሮና እንቁላል ሸጣ ነው ያስተማረችው። አልመታሁለትም። እምቢ ስለው ግን እንዲሁ አልሰደድኩትም፤ አጠገቤ አስቀምጬ እስከዛሬ ምን ስትሠራ ኖርክ አልኩት። «ምንም» አለኝ። ቆይቶ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በየክረምቱ የአጎቱን ሱቅ የዱቤ መዝገብ ይይዝ እንደነበር ነገረኝ። ስንት ጊዜ ጎደለ? «አንድ ጊዜ፣ ሠላሳ አምስት ብር። ከኪሴ ተካሁት።» በረመዷን የተማሪዎችን የኢፍጣር መዋጮ የሰበሰበውም እሱ ነው፤ የገባውንና የወጣውን ጽፎ በር ላይ ይለጥፍ ነበር። «ታዲያ ይህን ለምን ሲቪህ ላይ አልጻፍከውም?» ብለው፦ «ሼኻችን፣ ይሄማ ሥራ ነው እንዴ?» አለኝ።

ልጆቼ፣ የዛሬው ኹጥባ በሙሉ ለዚች ጥያቄ መልስ ነው።

በሱረቱል ቀሶስ አላህ የሙሳን (ዐ.ሰ) ታሪክ ነግሮናል። ሙሳ በፊርዐውን ቤተ መንግሥት ያደገ ሰው ነው። ከግብፅ ሸሽቶ፣ ተፈላጊ ሆኖ፣ ስንቅም ዘመድም ሳይኖረው መድየን ደረሰ። በውኃው ዳር እረኞች ተጋፍተው ያጠጣሉ። ሁለት ሴቶች መንጋቸውን እየመለሱ ከዳር ቆመዋል። ምን ሆናችሁ አላቸው፤ እረኞቹ እስኪሄዱ እንደሚጠብቁ፣ አባታቸውም ያረጀ መሆኑን ነገሩት። አጠጣላቸው፤ ዋጋ አልጠየቀም። ከዚያ ወደ ጥላው ዞር ብሎ ለጌታው ችግሩን ነገረ፤ ከአንተ ለሚወርድልኝ መልካም ነገር ሁሉ ድሃ ነኝ ብሎ ተማጸነ። ቅደም ተከተሉን አስተውሉ። መጀመሪያ ሠራ፣ ቀጥሎ ዱዓ አደረገ። ሰበቡን ሳያደርስ ጥላ ሥር አልተቀመጠም፤ ሰበቡን ካደረሰ በኋላም በራሱ ጉልበት አልተመካም።

ከሁለቱ አንዷ በሐፍረት እየተራመደች መጥታ አባቷ እንደሚጠራው ነገረችው። ቤት ሲደርሱም አባቷን ቅጠረው አለችው፤ ለሥራ ከሚቀጠር ሰው ሁሉ የሚሻለው ብርቱና ታማኝ የሆነው ነው ስትል። የሰው ልጅ ሥራ ቅጥር በሁለት ቃል አለቀ። ብርታት ማለት ጡንቻ ብቻ አይደለም፤ ለሥራው የሚበቃ ችሎታ ነው። ለነርስ መርፌውን በትክክል መውጋት፣ ለመሐንዲስ የሲሚንቶውን ልክ ማወቅ፣ ለሒሳብ ሠራተኛ መዝገቡን ማስታረቅ ነው። ታማኝነት ደግሞ ማንም ሳያይ ያንኑ መሥራት ነው። ብርቱ ሆኖ ያልታመነ ያጠፋል። ታማኝ ሆኖ ያልበረታ ደግሞ ሳያስበው ይጎዳል።

ሌላም ነገር አለ። ሙሳ ምስክር አግኝቷል፤ ያለ ሰው አልተቀጠረም። የመሰከረችለት ግን ሲሠራ በዓይኗ ያየችው ናት። ዛሬ «ሰው አለህ?» ሲባል የሚፈለገው ሥራህን ያላየ፣ ስምህን በስልክ ብቻ የሚያስተላልፍ ባለሥልጣን ነው። የመጀመሪያው ምስክርነት ነው፤ ሐላል ነው፤ ፈልጉት፤ አስተማሪያችሁን፣ በልምምድ ጊዜ ያሠራችሁን አለቃ ያለ ሐፍረት ጠይቁ። ሁለተኛው ግን ከኋላችሁ የተሰለፈ የሌላ እናት ልጅን ሐቅ መንጠቅ ነው። ጉቦማ ከዚህ ይከፋል፤ ነቢዩ ሰጪውንም ተቀባዩንም ረግመዋል። «ይህን ያህል አምጣ፣ አስገባሃለሁ» የሚል ደላላ ሲመጣባችሁ፣ በዚያ ወንበር ተቀምጣችሁ የምትበሉት እያንዳንዱ ደመወዝ ምን እንደሚሆን አስቡ። እህቶቼ፣ ቃለ መጠይቁን ከቢሮ ውጭ፣ በሆቴል ክፍል ወይም ከመሸ በኋላ የሚያደርግ ቀጣሪ ካጋጠማችሁ አትሂዱ። የቀረባችሁ ሥራ የለም።

አሁን ከዚህ ግቢ ወደ ምዕራብ ቀና ብላችሁ እዩ። ጉም የለበሰው ጓሳ ነው። እኛ ከቆላው ሆነን ብርዱን እንጂ ውስጡን አናውቀውም፤ የምናውቀው የመንዝ በግና ባና ልንገዛ የወጣን ቀን ነው። ከባሕር ወለል ከ3,200 ሜትር በላይ ያለ ሜዳ ነው፤ ውኃው በአንድ በኩል ወደ ዓባይ፣ በእኛ በኩል ወደ አዋሽ ይወርዳል። ስሙን የሰጠው የጓሳ ሳር ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይሆናል፣ እረኛው ዝናብ የሚከላከልበት ገሳ ይሠራበታል። ጎረቤቶቻችን የመንዝ ክርስቲያኖች ይህን ሳር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ጠብቀውታል። የአስቦና የጌራ ወገኖች በመረጧቸው አባ ቄራዎች መሪነት ሜዳው ለሦስት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጋ ነበር። ማንም ከብት አያሰማራ፣ ማጭድም አያስገባ። ሳሩ ሲደርስ ሽማግሌዎቹ ወስነው ይከፍቱታል። በ1967 የመሬት ለአራሹ አዋጅ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ሕዝቡ ግን ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሶ አቋቋመው። በዓለም ላይ ከቀሩት በመቶዎች ብቻ ከሚቆጠሩት ቀይ ቀበሮዎች ጥቂቶቹ ዛሬም እዚያ የሚኖሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን የማነሳው አደራ በዓይን ስለሚታይ ነው። አንድ ሌላ ነገርም ልጨምር። ከ1998 ዓ.ም ግድም ጀምሮ ተመራማሪዎች በጓሳ የጭላዳ ዝንጀሮዎችን ሕይወት ይከታተላሉ፤ አብረዋቸው የሠሩ የአካባቢው ልጆች አሉ። የጓሳን ውርጭ ለምዶ ያደገ፣ ከብት በመልክ የሚለይ እረኛ ለዚህ ሥራ ያለውን ብርታት አስቡት። ያ ብርታት ግን ያለ አደራ ዋጋ የለውም። ጉም ወርዶ መንጋው ባልታየበት ጠዋት «አላየሁም» ብሎ መጻፍ አለበት። ያላየውን አየሁ ብሎ የሞላ ቆጣሪ የዓመታት ድካም ያበላሻል። ልጄ ሆይ፣ የዱቤ መዝገብህ ሥራ ነው። ሠላሳ አምስቷ ብርም ሥራ ናት። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በልጅነታቸው ለመካ ሰዎች በክፍያ በግ ጠብቀዋል። ወሕይ ሳይመጣላቸው በፊት ሰው «አል-አሚን» ብሎ የጠራቸው በሥራቸው ነው።

ለዚያ ልጅ እውነተኛውን ደብዳቤ በእጄ ጻፍኩለት፤ ያየሁትን፣ አጎቱ የነገረኝን፣ መጠኑንና ዓመቱን። ማህተሙንም መታሁበት።

ይህን እላለሁ፤ ለእኔም ለእናንተም አላህን ምሕረት እለምናለሁ።

(ኢማሙ ለአፍታ ይቀመጣል።)

ምስጋና ለአላህ ይሁን። ወንድሞችና እህቶች፣ የመድየኑ ሽማግሌ ሙሳን ሲቀጥረው ውሉን ግልጽ አደረገ። ስምንት ዓመት፤ አሥር ከሞላህ በፈቃድህ ነው፤ ላስቸግርህ አልሻም አለው። ሙሳም ተስማማ፣ አላህንም ምስክር አደረጉ። የቁርኣን ረጅሟ አንቀጽ ስለ ዕዳ መጻፍ የወረደች ናት። እንግዲህ «እኔ ሰው አምናለሁ» ብላችሁ ያለ ወረቀት ሥራ አትግቡ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገም አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ቃሉን በጽሑፍ አስፍሮ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያስገድዳል። በሙከራ ስም ስድስት ወር ያለ ውል የሚያሠራችሁን ይህን አስታውሱት፤ በትሕትና፣ ግን አስታውሱት።

የመውጫ ፈተናው ያልሆነላችሁ አላችሁ። ከ2015 ወዲህ ሃምሳ ከመቶ ያላገኘ ዲግሪውን አይቀበልም፤ ደግሞ መፈተን ግን ይቻላል። ከወዳጆቻችሁ አትደበቁ፤ ያለፈው ለወደቀው ማስታወሻውን ያውስ። በተማራችሁበት ሙያ ሥራ እስኪገኝ ሌላ ሐላል ሥራ ብትሠሩ ዲግሪያችሁ አይረክስም። ከቤተ መንግሥት የወጣው ሙሳ በግ ጠብቋል።

ለተቀጠራችሁት አንድ ነገር ልበል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ዓርብ የምሳ ዕረፍቱ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ነው፤ ለጁምዓ ይበቃል። ከሶላት በኋላ ሻይ ቤት ተቀምጣችሁ ስምንት ሰዓት ስትመለሱ በር ላይ የሚጠብቃችሁ ባለጉዳይ ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ የመጣ ሊሆን ይችላል። «ለሶላት ወጥተው ነው» ሲባል ምን ብሎ እንደሚመለስ አስቡ። በሶላት ስም የሰው ሰዓት አትውሰዱ። በግል ድርጅት የተቀጠራችሁም የጁምዓን ነገር በመጀመሪያው ሳምንት ለአለቃችሁ በግልጽ ንገሩት፤ የጎደለውን ሰዓት በማታ እተካለሁ በሉት፤ ተኩትም።

ባለሱቆች፣ ባለ ወፍጮዎች፣ ባለ መኪናዎች፣ እናንተም አሠሪዎች ናችሁ። የሠራተኛው ላብ ሳይደርቅ ክፈሉት የሚለውን የነቢዩን ትእዛዝ ታውቃላችሁ። የወንድማችሁን ልጅ «ዘመድ ነው» እያላችሁ ያለ ደመወዝ አታሠሩት።

ሶላቱ ሲያልቅ አላህ በምድር ላይ ተበትነን ከችሮታው እንድንፈልግ አዝዞናል። ዛሬ ግን ፎልደር የያዛችሁ ለአንድ ሰዓት ግቢው ውስጥ ቆዩ። ጡረታ የወጡት አስተማሪያችን ሲቪያችሁን አብረዋችሁ ያያሉ። ሠራተኛ የምትፈልጉ ነጋዴዎችም አትሂዱ።

ያ አላህ፣ ለሥራ አጡ ሥራ ስጠው፣ ለተቀጠረው በረካ ስጠው። መንገዱን ሰላም አድርግልን፤ ልጆቻችን ወጥተው ይግቡ። ዶሮ ሸጠው ያስተማሩ እናቶችን የልጆቻቸውን ደመወዝ አብላቸው። ሐላሉን አብዛልን፣ ከሐራሙ አብቃቃን። ለቆላው ዝናብ፣ ለደጋውም ሳር ስጥ፤ ጎረቤቶቻችንንም ጠብቅልን። አሚን።

ረድፋችሁን አስተካክሉ። ሶላት ይቁም።