«አደግን!» ስንል ያደገው ማን ነው?

ግንቦት 2015 ዓ.ም. ነው። ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሳለን ደጀን ውስጥ በአንድ ዲኤስቲቪ ቤት ተጨናንቀን ቆመን አንድ ጨዋታ አየን። ሉተን ታውንና ኮቨንትሪ ሲቲ የተባሉ የእንግሊዝ ክለቦች ወደ ፕሪሚየር ሊግ ለማደግ የሚያደርጉት የመጨረሻ ግጥሚያ ነበር። 1 ለ 1 ተለያዩና ሉተን በመለያ ምት 6 ለ 5 አሸነፈ። ሉተን የት እንደሚገኝ የሚያውቅ ከመካከላችን አልነበረም፤ ቢሆንም ጮኽን። ጩኸቱ ጋብ ሲል ከኋላችን የቆመ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር፣ «አሁን እነዚህ በማለፋቸው ስንት ያገኛሉ?» ሲል ጠየቀ። «ከመቶ ሚሊዮን ፓውንድ በላይ» አልነው፣ ጋዜጠኛው ሲል እንደሰማነው። ሹፌሩ ራሱን ነቀነቀና፣ «እኮ ማን ነው የሚያገኘው?» አለ።

መልስ አልነበረንም። ዛሬ በመኝታ ክፍላችን «የኛስ አገር ቡድን መቼ ነው ላይኛው ሊግ የሚገባው?» እያልን ስንከራከር የዚያ ሰው ጥያቄ ይመለስብናል። ስለዚህ ቁጭ ብለን ልናስብበት ወደድን።

በእንግሊዝ አገር ነገሩ ግልጽ ነው። ላይኛው ሊግ የቴሌቪዥን ገንዘብ አለው፤ ያደገ ይካፈላል። ቢወርድ እንኳ አወዳደቁ እንዳይከፋ ለጥቂት ዓመታት «የፓራሹት ክፍያ» የሚሉት ይሰጠዋል። ሉተን በ2016 ዓ.ም. ወረደ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከሁለተኛውም ዲቪዚዮን ወደ ሦስተኛው ወረደ። እንግዲህ ያ ሁሉ ገንዘብ እንኳ ባለበት ሊያቆመው አልቻለም።

ወደ እኛ አገር እንምጣ። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በ2013 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ሲጀምር የአምስት ዓመቱ ውል ወደ 4.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ መሆኑ ተዘግቦ ነበር። እስቲ እናስላው። በዓመት 900 ሺህ ዶላር ነው። ለ16 ክለብ እኩል ቢካፈል ለአንዱ ወደ 56 ሺህ ዶላር ይደርሰዋል። በዚያ ዘመን ምንዛሪ፣ ዶላሩን በ40 ብር ብንይዘው፣ ከሁለት ሚሊዮን ብር ጥቂት ይበልጣል።

ወጪውስ? በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ የተጫዋች ደመወዝ ጣሪያ በወር 50 ሺህ ብር እንዲሆን ተወስኖ ነበር። 25 ተጫዋች ያለው ክለብ የጣሪያውን ግማሽ ብቻ ቢከፍል እንኳ በዓመት 7 ሚሊዮን ተኩል ብር ያስፈልገዋል። የአሠልጣኙ፣ የሆቴሉ፣ የመንገዱ ገና አልተቆጠረም። ታዲያ የጎደለውን ማን ይሞላዋል? እንደ ቅዱስ ጊዮርጊስና እንደ ኢትዮጵያ ቡና ሰፊ ደጋፊ ያላቸውን ትተን ብንመለከት፣ አብዛኞቹ ክለቦች የሚኖሩት ከከተማ አስተዳደር፣ ከክልል ወይም ከመንግሥት ድርጅት በሚመደብላቸው በጀት ነው። በጀቱ ደግሞ ከሰማይ አልወረደም፤ ከመምህሩ ደመወዝ፣ ከባለሱቁ ግብር የተሰበሰበ ነው።

እዚህ ላይ ነው የህሊና ጥያቄው የሚነሣው። በእንግሊዝ ማደግ ገቢ ነው፤ በእኛ አገር ማደግ በአመዛኙ ወጪ ነው። ሽልማቱ ለጥቂቶች ደርሶ ዕዳው ያልተጠየቀው ሁሉ ትከሻ ላይ ሲወድቅ «አደግን» ማለት ተገቢ ነውን? «አደግን» የምንለው እኛስ ማን ነን? ውሃ ለመቅዳት በሌሊት ተነሥታ ወረፋ የምትይዘው እናት ከ«እኛ» ውስጥ አለችበት? ካለችበት ማን ጠየቃት?

ከመካከላችን አንዱ ይህን ሲሰማ ተቆጣ። «ሁሉን ነገር በብር ትመዝናላችሁ! ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. ዋንጫ ሲያነሣ ጎንደር ያደረውን ደስታ በስንት ትገምቱታላችሁ? ባሕር ዳር ከተማ በ2011 ፕሪሚየር ሊግ ሲገባ እናንተስ አልዘለላችሁም? ድሀ ሰርግ አይደግስም እንዴ?»

እውነቱን ነው፣ ዘለናል። ደስታ ትርፍ ነገር ነው ብለን አንከራከርም፤ እንጀራ ብቻ በልቶ የሚኖር ሰው የለም። ነገር ግን ሰርግ የሚደግስ ሰው የሚደግሰው ከገዛ ጎተራው ነው፤ ቢበደርም ዕዳውን አውቆት ነው። የጎረቤትን እህል ሳይጠይቁ አውጥቶ ደግሶ፣ ጎረቤትን «ና ጨፍር» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። የኛ ተቃውሞ ድግሱን ሳይሆን አለመጠየቁን ነው።

ደግሞም ከድግሱ በኋላ ምን ይቀራል? ወልዲያን እንመልከት። በ2009 ዓ.ም. ቡድኗ በፕሪሚየር ሊጉ ሲጫወት በዚያው ዓመት በባለሀብቱ በሼህ መሐመድ አል አሙዲ ስም የተጠራው ስታዲየም ተመረቀ። በ2010 ዓ.ም. ቡድኑ ወረደ። ስታዲየሙ ግን አብሮ አልወረደም። ልብ በሉ፤ የቀረው ሊጉ ያመጣው ገንዘብ አይደለም፤ መሬት ላይ የተሠራው ነገር ነው። ለተጫዋች ደመወዝ የወጣው ብር ከተጫዋቹ ጋር ወደ ሌላ ክለብ ሄዷል። ተጫዋቹን አንወቅሰውም፤ እግሩ የሚያበላው ለጥቂት ዓመት ነው። የምንወቅሰው ለሩቅ እግር ሚሊዮን መድቦ፣ የሠፈሩ ልጅ ድንጋይ ጎል አድርጎ ሲጫወት የማያየውን አሠራር ነው።

የደጀን ልጅ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ፣ ጭነቱን ተሸክሞ እያቃሰተ ደጀን የሚደርሰውን መኪና ስናይ ነው ያደግነው። ሹፌሮቹ፣ «ዳገት ሞተር ይፈትናል፣ ቁልቁለት ግን ፍሬን» ሲሉ ሰምተናል። ዳገቱን የወጣ ሁሉ አንድ ቀን በዚያው መንገድ ይመለሳልና፣ ለመውጣት ብቻ የተዘጋጀ መኪና ገደል ይገባል። ቡድንም፣ ከተማም፣ ሰውም እንዲሁ ይመስለናል።

ስለዚህ የኛ አቋም ይህ ነው። የደጀን፣ የቢቸና ወይም የሞጣ ልጆች አንድ ቀን ላይኛው ሊግ ይግቡ፤ እኛም ጉሮሯችን እስኪዘጋ እንጮሃለን። ከዚያ በፊት ግን ሒሳቡ በአደባባይ ይነገር፤ ከፋዩ ይጠየቅ፤ ከሚወጣው ብር ውስጥ ቡድኑ ቢወርድ እንኳ ለሠፈሩ ልጆች የሚቀር ሜዳ ይኑርበት። ይህ ከተደረገ «አደግን» የምንለው ሳናፍር ይሆናል። ካልተደረገ ግን ያደገው ቡድኑ ብቻ ነው፤ እኛ ባለንበት ነን።

ያን ሹፌር እንደገና ብናገኘው የምንመልስለት ይህን ነው። የተቆጣው ጓደኛችን ግን አሁንም አልተስማማም። የእሱን ወገን የሚይዝ ካለ ብዕሩን ያንሣ፤ በሚቀጥለው ዕትም እንገናኝ።