እናታችን ወለተ ጴጥሮስን ስናስብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ኅዳር 12ን በቅዱስ ሚካኤል፣ ኅዳር 21ን በጽዮን የማያውቅ ከመካከላችን የለም። በሁለቱ መካከል፣ የነቢያት ጾም በገባ ሰሞን የምትውለውን ኅዳር 17ን ግን ብዙ ሰው ሳያያት ያልፋል። ዕለቲቱ እናታችን ወለተ ጴጥሮስ በ1635 ዓ.ም. ያረፈችባት ናት። በጣና ዙሪያ ያሉ ገዳማውያን ስሟን ሲጠሩ «እናታችን» ይሏታል። የማን እናት ናት? ከማኅፀኗ ሦስት ልጆች ወጥተው ሦስቱም በሕፃንነታቸው አርፈዋልና።

ትውልዷ ከታላላቅ ሰዎች ነው፤ አባቷ ባሕር ሰገድ፣ እናቷ ክርስቶስ ዕበያ ይባላሉ። የተዳረችውም ከዐፄ ሱስንዮስ ባለሟሎች ለአንዱ፣ ለመልክአ ክርስቶስ ነበር። ገድሏ እንደሚነግረን፣ በፀነሰች ቁጥር «የሚወለደው እግዚአብሔርን ደስ የማያሰኝ ከሆነ በሕፃንነቱ ይጠራ» እያለች ትጸልይ ነበር። ይህን ስናነብ ደንግጠናል። ትርጓሜውንም ለመስጠት አንቸኩልም፤ ልጅ የቀበረች እናት ከእኛ ይልቅ ታውቀዋለች።

ይህች ሴት ቤቷን የተወችው ሁለት ጊዜ ነው። በመጀመሪያው መነኮሳት ረድተዋት በስውር ወጣች፤ ባሏ ግን ጭፍራ አስከትሎ በመፈለግ የተጠለለችበትን አገር አጠፋ። ያን ጊዜ እርሷ ተመለሰች! ሌላው ሰው በእርሷ ምክንያት እንዳይጎዳ ብላ ተመለሰች። ወንድሞችና እኅቶች፣ እዚህ ላይ ጥቂት እንቁም። በራሱ አሳብ የሚሄድ ሰው ሁሉ እልኸኛ ነው የሚሉ አሉ። እልኸኛ ቢሆን ኖሮ ይመለስ ነበርን? የራሷን መንገድ ለጊዜው አቆየችው እንጂ አልጣለችውም። በ1609 ዓ.ም. አቡነ ስምዖን ንጉሡን በመቃወማቸው በተገደሉ ጊዜ፣ የጳጳሱ ልብስ በባሏ እጅ መግባቱን ሰማች። ከዚያ ወዲያ ከእርሱ ጋር በአንድ ቤት መኖር አልሆነላትም። ባሏም ሊይዛት እንደማይችል አይቶ ለቀቃት፤ መነኮሰችም።

ዐፄ ሱስንዮስ በ1614 ዓ.ም. የሮምን ሃይማኖት በይፋ ሲቀበል ሕዝቡም እንዲከተለው አዘዘ። ዛሬ ከካቶሊካውያን ጎረቤቶቻችን ጋር በሰላም እንኖራለን፤ የዚያን ጊዜው ጠብ ግን በንጉሥ አዋጅ ሃይማኖት ለውጡ መባሉ ነበር። እናታችን ከቦታ ቦታ እየዞረች «አትቀበሉ» አለች፤ የንጉሡም ስም በቅዳሴ እንዳይነሣ አስተማረች። ወደ አደባባይ አቀረቧት። ዘመዶቿ ለሕይወቷ ፈርተው ለመኗት። የሮሙ ፓትርያርክ አፎንሱ ሜንዴዝም እምነቷን ሊያስለውጣት ሞከረ፤ አልሆነም። በመጨረሻ ወደ ዠበይ፣ ወደ በረሃው አገር አጋዟት፤ በዚያም ሦስት ዓመት ተቀመጠች። የሚያስደንቀው፣ ሊያጠፏት የላኳት ቦታ የመጀመሪያው ማኅበሯ የተጀመረበት መሆኑ ነው። በስደት ያሉ ሰዎች ወደ እርሷ ተሰበሰቡ፤ በዕድሜዋ የማኅበሮቿ ቍጥር ሰባት ደረሰ። ሱስንዮስም በ1624 ዓ.ም. ሃይማኖቱን መልሶ መንግሥቱን ለልጁ ለፋሲል ለቀቀ።

እናትነቷ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ባሪያዎችና ሎሌዎች ሲያገለግሏት ያደገች ሴት ከእኅቶቿ ጋር ወፍጮ ትፈጭ፣ ውኃ ትቀዳ፣ እንጨት ትለቅም ነበር። በማኅበሯ ሴቶች ብቻ ሳይሆኑ ወንዶችም፣ ካህናትም ነበሩ። ይህ ነገር ያላማራቸው ሊቃውንት ተነሡና «ሴት ልትመራና ልታስተምር ከየት መጽሐፍ ተገኘ? ጳውሎስስ ከልክሎ የለምን?» ሲሉ ጠየቁ። መልስ የሰጡት አባ ፈትለ ሥላሴ ናቸው። አሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ እኛ ወንዶቹ ሥራችንን ስላበላሸን እግዚአብሔር ለተግሣጻችን እርሷን አስነሣ፤ ገማልያል ስለ ሐዋርያት እንደ ተናገረው፣ ነገሩ ከእግዚአብሔር ከሆነ ልታፈርሱት አትችሉም። የተማረ መነኩሴ በሊቃውንት ፊት እንዲህ ብሎ መመስከሩ ቀላል ነገር አይደለም።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በየሰንበት ትምህርት ቤቱ እኅቶቻችን ይዘምራሉ፣ ለበዓል ያበስላሉ፣ ድንኳን ያስጌጣሉ። በስብሰባ ላይ አንዷ የተለየ አሳብ ስታቀርብ ግን «ጨዋ ሴት ዝም ትላለች» የሚል ድምፅ ከወደ ኋላ ይሰማል። ይህን የሚል ወንድም የኅዳር 17ቷን እናት በየትኛው ወንበር ሊያስቀምጣት ነው? በስንክሳር ስሟ ሲነበብ ቆሞ እየሰማ፣ እርሷን የምትመስለውን ልጅ ደግሞ «ቁጭ በይ» ሊል ነውን?

ገድሏ የተጻፈው ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ፣ ገላውዴዎስ በተባለ መነኩሴ እጅ ነው። እስከዚያ ድረስ ታሪኳን የያዙት አብረዋት የኖሩ መነኮሳይያት ናቸው፤ ያዩትን ይናገሩ ነበር፣ እርሱም ጻፈው። ቁጣዋን እንኳ አልደበቁም፤ ተግሣጿ የበረታ፣ ሰውነቷ ሕመም የበዛበት እንደ ነበር ተጽፏል። ለእናት የሚገባት መታሰቢያ ይህን የመሰለ ይመስለናል፤ ጣፋጩን ብቻ እየመረጡ ማውራት እናቲቱን ሌላ ሴት ያደርጋታል። እኛም በየቤታችን ለጎረቤት አሳብ ያልተንበረከኩ እናቶችና አያቶች አሉን፤ ታሪካቸውን የሚያውቁት አክስቶቻችን ሳያልፉ ጠይቀን እንጻፍ፤ ይህ ጋዜጣም ይቀበለናል።

ወለተ ጴጥሮስ የምታርፍበት ቀን ሲደርስ ማኅበሯን ያለ እናት አልተወችም። ከምንኵስናዋ ጀምሮ በስደቱም በረኀቡም ያልተለየቻትን እኅተ ክርስቶስን በፈንታዋ ሾመች። ሥጋዋም በጣና ላይ፣ ወላጆቿ ባረፉባት በሬማ ደሴት ተቀበረ።

ጸሎቷና በረከቷ ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።