ስለ ሊቅነት ስምና ስለ ሊቅነት ሥራ

መንገድ የሚጀምር ሰው ስንቁን ይመለከታል፤ ከስንቁም አስቀድሞ ወዴት እንደሚሄድ ይጠይቃል። ትምህርትም መንገድ ነውና ተማሪ የሆነ ሁሉ ይህን ሊጠይቅ ይገባዋል። ሳይጠይቅ የሄደ እንደ ሆነ ግን ብዙ ዘመን ደክሞ ካላሰበው አገር ይደርሳል፤ ለመመለስም ዕድሜ አይበቃውም።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ሥነ ልቡናን በዩኒቨርሲቲ የተማረ አንድ ትሑት ወጣት ከቤቴ መጥቶ፥ «የኔታ፥ ወደ አሜሪካ ሄጄ በሥነ ልቡና ምርምር ለዶክተርነት ማዕርግ እንድማር ተፈቅዶልኛል፤ ልሂድን ወይስ ልቅር? ይምከሩኝ» አለኝ። እኔም «ልጄ፥ ይህን ትምህርት ስለ ምን ወደድኸው?» ብዬ ጠየቅሁት። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ ታናሽ ወንድሙ በአእምሮ ሕመም ብዙ ዘመን እንደ ተጨነቀ፥ እናቱም በርሱ ደመወዝ እንደምትኖር ነገረኝ። ያን ጊዜ ነገሩ የትምህርት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ተረዳሁ።

እንግዲህ አስቀድሞ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። የታመመውን ማከም አንድ ሥራ ነው፤ ስለ ሰው ልቡና ያልታወቀውን መርምሮ ማግኘት ሌላ ሥራ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1879 ዓ. ም. ቪልሄልም ቩንት በላይፕሲክ ከተማ የሥነ ልቡናን ቤተ ሙከራ ባቋቋመ ጊዜ፥ የስሜትንና የሐሳብን ሥርዐት ሊመረምር እንጂ ድውይ ሊፈውስ አላሰበም። በ1949 ዓ. ም. በአሜሪካ በቦልደር ከተማ የተሰበሰቡት መምህራን፥ አካሚ የሚሆነው የሥነ ልቡና ሊቅ መርማሪም አካሚም ሆኖ እንዲሠለጥን ተስማሙ። በ1968 ዓ. ም. ደግሞ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ለአካሚነት ሥራ የተለየ የዶክተርነት ትምህርት ጀመረ። ስለዚህ በሩ አንድ አይደለም። በምርምር ብቻ የሚገባ ሰው ከብዙ ዓመት ድካም በኋላ አንዲት ትንሽ እውነት ያገኝ ይሆናል፤ የርስዋም ፍሬ ለገዛ ወንድሙ ሳይደርስ ለማያውቀው ሰው ወንድም ይደርስ ይሆናል። ይህ ታላቅ በጎ ሥራ ነው፤ አካሚውም የሚያክምበትን ጥበብ የሚያገኘው ከመርማሪው ነውና። ዳሩ ግን ወጣቱ በልቡ የያዘው ተስፋ ይህ አይደለም።

ሁለተኛም፥ ምርምር ምን ዐይነት ትዕግሥት እንደሚሻ ማሰብ ይገባል። ይህ ለኛ ለቅኔ ቤት ሰዎች ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ በቅኔ ቤት የሌላውን ቅኔ ደግሞ ማቅረብ ነውር ነው፤ ተማሪው ሁልጊዜ አዲስ ይቈጥራል። በልጅነቴ ሌሊቱን ሙሉ የደከምሁበት አንድ ቅኔ እጅግ ያማረ መስሎኝ ነበር። መምህሬ ግን ሰምተው አንዲት ቃል ብቻ አነሡና ምሥጢሩን ሁሉ አፈረሱት። ጓደኞቼ እየሰሙ አፈርሁ፤ በማግሥቱ ግን ሌላ ቈጠርሁ። የመርማሪም ኑሮ እንዲሁ ነው። በ2015 ዓ. ም. ብዙ ሊቃውንት ተባብረው ቀድሞ የታተሙ 100 የሥነ ልቡና ጥናቶችን እንደገና ቢፈትኑ፥ አስቀድሞ ከመቶው 97ቱ ውጤት አግኝተናል ያሉ ሲሆን፥ በሁለተኛው ፈተና የጸናው በመቶ 36 ያህል ብቻ ሆነ። እንግዲህ ያገኘሁት ፈረሰ ብሎ የሚቈጣ ሰው ወደዚህ ሥራ አይግባ፤ ፈረሰ፥ እንግዲያው እውነቱ ወዴት ነው? ብሎ የሚነሣ ግን ይግባ።

ሦስተኛው የስም ነገር ነው። ሜሪ ካልኪንስ የምትባል አሜሪካዊት በሐርቫርድ ከነዊልያም ጄምስ ዘንድ ተምራ፥ በ1895 ዓ. ም. ለዶክተርነት የሚገባውን ሁሉ ፈጸመች፤ መምህራኑም መሰከሩላት። ዩኒቨርሲቲው ግን ሴት ናትና ማዕርጉን ከለከላት። በ1902 ዓ. ም. ለሴቶች ከተለየው ኮሌጅ ከራድክሊፍ ማዕርጉን እንድትቀበል ቢጠይቋት፥ የደከምሁት በዚያ አይደለም ስትል እንቢ አለች። በ1905 ዓ. ም. የአሜሪካ የሥነ ልቡና ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነች። የተደረገባት ግፍ ነው፤ ግፍም አይመሰገንም። ነገር ግን የርስዋ ኑሮ አንድ መመዘኛ ይሰጠናል፤ ዶክተር የሚለው ስም ቢቀርብህ ሥራውን ትሠራዋለህን? አልሠራውም የሚል ሰው የፈለገው ስሙን ነው።

የመጨረሻው ከሁሉ ይከብዳል። ይህ ትምህርት ብዙ ጊዜ አምስት ስድስት ዓመት ይፈጃል፤ ዓመቶቹም የተማሪው ብቻ አይደሉም፤ ከፊሉን የምትከፍለው እናቱ ናት። የሰውን ትዕግሥት ሳይጠይቁ መበደር፥ ምንም ለዕውቀት ቢሆን፥ ከበደል አይርቅም። ስለዚህ «ልሂድን ብለህ እኔን ከመጠየቅህ በፊት እነርሱን ጠይቅ» አልሁት።

ከሳምንታት በኋላ ተመልሶ መጣ። እናቱንና ወንድሙን አስቀምጦ ሁሉን ነግሯቸው ነበረ። እናቱ ዝም ብላ ሰማች፤ ታማሚው ወንድሙ ግን፥ «እኔን ምክንያት አታድርገኝ። ምርምሩን የምትወደው ከሆነ ስለ ወደድኸው ሂድ» አለው። ይህን ሲነግረኝ ዐይኑ እንባ ሞላ። እስከ ዛሬ አልወሰነም፤ ነገር ግን ወንድሜን እንዴት ላድን ማለቱን ትቶ፥ በእውነት የምወደው የትኛውን ሥራ ነው ይላል።

እናንተም ልጆቻችሁ ለምክር በመጡ ጊዜ፥ ሂድ ወይም ቅር ለማለት አትቸኵሉ፤ አስቀድማችሁ ስለ ምን ብላችሁ ጠይቋቸው።